በአሸዋ የፈተግኩት ዝገት

አንድ ሰው ሁለት ዓመት ተኩል የለፋበትን ሥራ በሁለት ሰዓት ውስጥ አጥፍቼ አውቃለሁ። ስጨርስ ወገቤን አሞኝ ነበር፣ ግን በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ልትፈርዱብኝ ከፈለጋችሁ ቅር አይለኝም፤ እስከ መጨረሻው ካነበባችሁ በኋላ ይሁንልኝ እንጂ።

ዘመኑ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭነን ከመጣን አራተኛው ክረምት ነበር። እኔ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነኝ። አገር ቤት ስሜ አስናቁ ነበር፤ ስንደርስ የመዘገበችን ሴት ቸኩላ ስለነበር ኦስናት ብላ ጻፈችኝና ኦስናት ሆኜ ቀረሁ። ከአባቴና ከእናቴ ጋር ነታንያ ውስጥ፣ ኤይን ሀትኽሌት በሚባለው ሰፈር፣ አሳንሰር የሌለው ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር።

በዚያ ሕንጻ ውስጥ ከጎንደር የመጣን አምስት ቤተሰቦች ነበርን። አምስቱም አባወራዎች ስትጠይቋቸው ገበሬ ነበርን ይላሉ። ከአምስቱ የሦስቱ ክንድ ላይ የእሳት ጠባሳ አለ። ከእኛ በታች ያለው የአያ ታከለ ጠባሳማ ከእጅ አንጓው እስከ ክርኑ ይደርስ ነበር። እኛም አንጠይቅም፣ እነሱም አይጠይቁንም።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ አባቴ ይስማው ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ወገራ ውስጥ ባለ መንደራችን የሰዉ ሁሉ ማረሻ፣ ማጭድና መጥረቢያ ከእሱ እጅ የወጣ ነው። ሰዎቹ ማረሻቸው ሲዶለዱም ወደ እኛ ይመጣሉ። ልጅ አዝለው ከመጡ የልጁን ፊት በነጠላ ይሸፍኑታል፣ የአባቴ ዓይን እንዳያርፍበት። ቡዳ ናችሁ ይሉናል፣ ሌሊት ጅብ ትሆናላችሁ ይሉናል፣ ከዚያም መቼ ይደርስልናል ብለው ይጠይቃሉ። አባቴ በቀኑ አድርሶ ይሰጣቸው ነበር።

ስለዚህ እዚህ ደርሰን ሥራህ ምን ነበር ተብሎ ሲጠየቅ፣ አስተርጓሚው ጥያቄውን ሳይጨርስ አባቴ «ገበሬ» አለ። ኤቨን የሁዳ አጠገብ ያለ የብርቱካን እርሻ ላይ ቀጠሩት። አለቃው ለአራት ዓመት፣ ይህ ሰውዬ ገበሬ የነበረበት አገር ሕዝብ ምን እየበላ ይኖር እንደነበር ሲገርመው ኖሯል።

እኔ የጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ። በኢንዱስትሪው አካባቢ ለአዲስ ገቢ ተመራማሪዎች የተከፈተ አንድ ሕንጻ ነበር፤ አብዛኞቹ ከሩሲያ የመጡ ዶክተሮችና መሐንዲሶች ናቸው። ለእያንዳንዳቸው አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ቶሎ ቶሎ የሚበላሽ ማሞቂያ ተሰጥቷቸዋል። ከሁሉም የምወዳቸው ዶክተር ሴምዮንን ነበር። ወደ ስልሳ የተጠጉ፣ ሹራባቸውን ገልብጠው የሚለብሱ ሰው ናቸው። ይህ ክፍል ከመሰጠቱ በፊት ሁለት ዓመት የነታንያን መንገድ ጠርገዋል። የእሳቸውም የእኔም ዕብራይስጥ የተሰባበረ ስለነበር በደንብ እንግባባ ነበር።

አንድ ጊዜ ስለ ሥራቸው ነግረውኛል። በፀሐይ ብቻ ከውኃ ውስጥ የሚነድ ጋዝ አወጣለሁ አሉኝ። እናቴ ሶሻል ዎርከሯ ስታናግራት እንደምታደርገው አንገቴን ነቀነቅኩ። በምን እንደሚያወጡት አልጠየቅኩም፣ እሳቸውም አልነገሩኝም፤ ዕቃቸውን ሁልጊዜ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆልፉበት ነበር።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ግን ቁም ሣጥኑ ተከፍቶ አገኘሁት። ዶክተሩ ኮታቸውን እየለበሱ ነበር።

«ኦስናት፣ ዮም ሪሾን ቫዓዳው ይመጣል» አሉኝ። እሑድ ኮሚቴው ይመጣል ማለታቸው ነው፤ እዚህ አገር ሥራ የሚጀመረው እሑድ ነው። «ፀሐይ ጥሩ ስትሆን፣ በአምስት ሰዓት። አይተው ወይ ይቀጥል ይላሉ፣ ወይ ይዘጋ ይላሉ።»

«ቢዘጋስ?»

«መጥረጊያዬ አሁንም ቤት አለ» አሉ። «ሁሉ ነገር ናኪ ይሁንልኝ፣ በጣም ናኪ።» ናኪ ንጹሕ ማለት ነው። ይህን ብለው ሐኪም ቤት ቀጠሮ ስላላቸው ሄዱ።

ወለሉን አጠብኩ፣ መስኮቱን አጸዳሁ። ወደ ጠረጴዛው ስዞር ነጭ ጨርቅ ላይ በሥርዓት የተደረደሩ ዘጠኝ የብረት ቁራጮች አየሁ። እያንዳንዱ መዳፍ ያክላል፣ ከጀርባው ሽቦ ተለጥፎበታል። ዘጠኙም ዝገዋል።

ምን እንደተሰማኝ በትክክል አስታውሳለሁ። አፈርኩላቸው። በአባቴ ቤት የዛገ ብረት እንግዳ ፊት አይቀርብም፤ ከነዝገቱ ማጭድ ይዞ የመጣን ሰው አባቴ ከሰላምታ በፊት ይቆጣው ነበር። እኔ ከአምስት ዓመቴ ጀምሮ ከእናቴ ጋር ያደግኩበት ሥራ መፈተግ ነው። ይህ ምስኪን የተማረ ሰው ሚስት የለው፣ ልጆቹ ሩቅ፣ ኮሚቴ ሊመጣበት የዛገ ብረት በነጭ ጨርቅ ላይ አስቀምጧል። ማን ይንገረው?

ከከተማው ደቡብ ዛሬ የኢር ያሚም ረጃጅም ሕንጻዎች የቆሙበት ቦታ ያኔ አሸዋ ብቻ ነበር። እናቴ ድስት የምትፈትገው ከዚያ በመጣ አሸዋ ነው፤ የሱቁን የብረት ሽቦ አታምነውም። እኔም ለሥራዬ አንድ ከረጢት አሸዋ ከመጥረጊያዎቹ አጠገብ አስቀምጥ ነበር። አሸዋውን አመጣሁ፣ ሁለት ሎሚ ጨመቅኩበት፣ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ሲያልቅ በዘጠኙም ውስጥ ፊቴን ማየት እችል ነበር። ነጩ ጨርቅ ላይ መልሼ በተራ ደረደርኳቸውና በሩን ቆልፌ ሄድኩ።

አርብ ጠዋት ስገባ ዶክተር ሴምዮን ጠረጴዛው ፊት ቆመው ነበር። ኮታቸውን አላወለቁም።

«ኦስናት፣ እዚህ የነበሩት ብረቶች የት ናቸው?»

«እነዚያው ናቸው፣ ዶክተር። አጸዳኋቸው።»

«ምናቸውን?»

«ሐሉዳውን።» ዝገቱን ማለቴ ነው።

ወንበር ስበው ተቀመጡ። አንዱን አንስተው ወደ ብርሃኑ አዞሩት፤ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ ሌላውን። ዘጠኙንም አዩ።

«ስንት ሰዓት ፈጀብሽ?»

«ሁለት።»

«ጥሩ ነው የፈተግሽው» አሉኝ። «እኔ በአሲድ ሞክሬ እንደዚህ አልለቀቀልኝም።»

ድምፃቸውን ቢያነሱ ይሻለኝ ነበር። አላነሱም። ይልቅ ወረቀት ስበው፣ አንድ ዓመት ሙሉ ያልነገሩኝን ነገር ያን ቀን ቁጭ አድርገው አስረዱኝ። አሁን ማወቄ ለማን እንደሚጠቅም አልገባኝም፤ ምናልባት ለሆነ ሰው መንገር ፈልገው ይሆናል።

ዝገቱ ነው ሥራው። ብረቱ መያዣ ብቻ ነው። ዝገት እንደ ብረት ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ አይደለም፣ እንደ ሸክላም የሚከለክል አይደለም፤ መካከል ላይ ነው፣ ሴሚኮንዳክተር ይሉታል። ብርሃን ሲያርፍበት ውስጡ ያለው ኃይል ይነቃና ወደ ላይ ይወጣል፤ ውኃውን የሚነካበት ቦታ ሲደርስ ውኃው ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ሆኖ ይለያያል። ሃይድሮጅኑ ይነዳል። ብዙ ሰዎች ሌሎች ነገሮችን ሞክረዋል፤ አንዱ ከፀሐይ ብርሃን ጥቂቱን ብቻ ነው የሚቀበለው፣ ሌላው ብርሃኑን በደንብ ይቀበላል፣ ግን ውኃው ራሱን ይበላዋል። ዝገትን ግን ውኃ ምን ያደርገዋል? አንዴ ተበልቶ ያለቀ ነገር ነው። ችግሩ የነቃው ኃይል ሰነፍ መሆኑ ነው። የዝገቱ ቆዳ ትንሽ ከወፈረ መንገድ ላይ ደክሞ ይቀራል፤ በጣም ከሳሳ ደግሞ ብርሃኑ አልፎት ይሄዳል።

«ከዘጠኙ የሚሠራው ሰባተኛው ብቻ ነበር» አሉኝ።

«እንደገና ቢሠሩትስ?»

«ሠላሳ ጊዜ ሞክሬያለሁ። ሰባተኛው የተሠራው ምድጃው በተበላሸበት ቀን ነው። እኔ ስልክ ላይ ነበርኩ፤ ስመለስ ብረቱ ቀልቷል። በችኮላ አወጣሁት። ስንት ዲግሪ ደረሰ፣ ስንት ጊዜ ቆየ፣ አላውቅም።» ደብተራቸውን ገልጠው አሳዩኝ። በዚያ ቀን ስር የተጻፈው «ምድጃው ባለገ» የሚል ብቻ ነበር።

ሰባተኛውን ገልብጠው ከጀርባው ሽቦውን የያዘውን ማጣበቂያ በቢላዋ ጫፍ አነሱት። ከሥሩ የስንዴ ፍሬ የምታክል ቦታ ሳትፈተግ ቀርታለች። ቀረብ ብዬ አየኋት። ቀይ ናት እንዳልል ወደ ግራጫ ትወስዳለች፤ ግራጫ ናት እንዳልል ዳር ዳሯ ጠይም ቀይ ነው። ያንን ቀለም አውቀዋለሁ። በሕይወቴ ስንት ማረሻ ላይ እንዳየሁት አልቆጥረውም።

«ዶክተር፣ ይህን እስከ እሑድ ልውሰደው?»

«ከዚህ በላይ ምን ታደርጊዋለሽ?» አሉ። «ውሰጂው።»

ቤት ስደርስ ቀኑ ተጋምሷል። በእኛ ቤት አርብ ከእኩለ ቀን በኋላ እሳት አይነካም፣ ሥራ አይሠራም፤ ጎንደርም እንዲሁ ነበር። አባቴ ገላውን ታጥቦ፣ ነጭ ልብሱን ለብሶ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ብረቱን ከጠቀለልኩበት መሐረብ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት።

እጁን አልዘረጋም። አንገቱን ብቻ አዘንብሎ አየው።

«እስቲ ወደ ብርሃኑ አዙሪው» አለኝ። አዞርኩት። «ማን ነው ያጋለው?»

«ዶክተሩ፣ በኤሌክትሪክ።»

«ረስቶታል።»

«አዎ፣ ስልክ ላይ ነበርኩ ብሏል።»

«ሲያወጣው ደንግጧል። ተእሳት ወጥቶ ቶሎ አልበረደም፣ ትኩስ ነገር ላይ ነው የተቀመጠ።» 

እናቴ ከወጥ ቤት በር ላይ ሆና ትሰማ ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ይኸን ነገር ለምን ወደ ቤት አመጣሽው?» አለችኝ። «አራት ዓመት ሰላም አድረናል። ደሞ እዚህ አገር ላይ ቀጥቃጭ ሊሉን?»

 ሰንበት ገባ። ጸለይን፣ ቅዳሜ ምኩራብ ሄድን፣ ተመለስን፣ ምሳ በላን። ብረቱ መሐረቡ ላይ እንደተቀመጠ ጠረጴዛው ላይ አደረ፣ ዋለም። አባቴ በአጠገቡ ሲያልፍ ቀና ብሎ ያልፋል። እኔ ጸሎቱ ላይ አንዲት ቃል አልሰማሁም፤ ዶክተሩ መጥረጊያ ይዘው በዋናው መንገድ ሲሄዱ ብቻ ነበር የሚታየኝ። ቅዳሜ ጀምበር ጠልቃ ከዋክብት እንደወጡ ግን አባቴ ራሱ ጀመረ።

«ሰውየው ብረቱ ታልሠራለት ምን ይሆናል?»

«ወደ ድሮ ሥራው ይመለሳል።»

«ድሮ ምን ነበር የሚሠራ?»

«መንገድ ይጠርግ ነበር።»

«አንቺስ?»

«እኔማ አሁንም እየጠረግኩ ነው።»

ፈገግ አላለም። «እሳቱን ሰው የሚያይበት ቀዳዳ አለው ወይ፣ የእሱ ምድጃ?» አለኝ።

«በር አለው።»

«በር ታለው ይበቃል» አለና ሊተኛ ሄደ። እናቴ እኔን አየችኝ፤ እኔ ግድግዳውን አየሁ።

እሑድ ማለዳ ዝናብ እያካፋ ነበር። አባቴ የሰንበት ኮቱን ለብሶ ከእኔ ፊት ፊት ይሄዳል፤ ሰማዩን እያየሁ ተከተልኩት። ኮሚቴው ፀሐይ ሊያይ ነው የሚመጣው፣ ፀሐይ ደግሞ የለችም። ዶክተር ሴምዮን ክፍላቸው ውስጥ ነበሩ። ጠረጴዛው ላይ ደብተራቸው ብቻ አለ፤ መጻሕፍታቸውን ካርቶን ውስጥ መክተት ጀምረዋል።

«ይህ አባቴ ነው» አልኳቸው።

እጅ ለእጅ ተጨባበጡ። ዶክተሩ በትሕትና «ሥራቸው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

አፌ ገበሬ ሊል ተዘጋጅቶ ነበር። ወደ አባቴ ዞርኩና በአማርኛ «ሥራህን ይጠይቃል፣ ምን ልበለው?» አልኩት።

«የሆንኩትን» አለኝ።

«አባቴ ናፓኽ ነው» አልኩ። ብረት ቀጥቃጭ ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ቃል በየትኛውም ቋንቋ ጮክ ብዬ ተናግሬው አላውቅም ነበር።  ዶክተሩ ፊታቸውን አልሸፈኑም። የአባቴን እጅ ሳይለቁ ገልብጠው መዳፉን አዩ፤ ከዚያም «ታዲያ እስካሁን የት ነበሩ?» አሉ።

«ብርቱካን ሲያበላሽ» አልኩ። ይህን ለአባቴ አልተረጎምኩለትም።

አባቴ መጀመሪያ መብራቱን አስጠፋ፣ ቀጥሎ መጋረጃውን አስዘጋ። የጋለ ብረት ቀለም በብርሃን ይዋሻል አለ። ምድጃው ላይ የሚበራውን ቁጥር በመሐረብ ሸፈነው፤ ዶክተሩ መሐረቡን በአንድ ጣት ገለጥ አድርገው ከጎን ያነብቡ ጀመር። አዲስ ቁራጭ ገባ። አባቴ በሩን በስንጥቅ ከፍቶ ዓይኑን አስጠጋ። ብረቱ ከጥቁር ወደ ደብዛዛ ቀይ ሲመጣ በጎንደር ድሮ ማረሻ ላይ ያደርግ እንደነበረው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ መጸለይ ጀመረ።

«ምን እያለ ነው?» አሉ ዶክተሩ።

«ጊዜ እየለካ ነው። ጸሎቱ ሲያልቅ ይወጣል።»

ዶክተሩ የእጅ ሰዓታቸውን አወለቁ። የመጀመሪያው ቁራጭ ወጥቶ ሲበርድ ቆዳው ተፈረፈረ። ሁለተኛው ጠቆረ። አባቴ ሁለቱንም ወደ ጎን አደረገና «ቶሎ ይበርዳል» አለ። «አመድ የለም ወይ እዚህ?»

በኤሌክትሪክ ምድጃ ቤት ከየት አመድ ይገኛል? አባቴ ክፍሉን ዙሪያውን ቃኘና ወደ እኔ ዞረ።

«በምን ነበር የፈተግሽው?»

«በአሸዋ።»

«አሸዋው አለ?»

ከረጢቱ ከመጥረጊያዎቹ አጠገብ እንደነበረ ነው። ግማሹ አልተነካም። አባቴ አሸዋውን በብረት ሳህን አድርጎ ምድጃው ውስጥ አጋለው። ሦስተኛው ቁራጭ ጸሎቱ ሲያልቅ ወጣና የጋለው አሸዋ ላይ ተጋደመ፤ ቀስ እያለ በረደ። አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል። መጋረጃውን ስንከፍት አባቴ የሰባተኛውን ብረት አንስቶ ከአዲሱ ጋር አጋጠመው። የስንዴ ፍሬ የምታክለው ቦታና የአዲሱ ቁራጭ ፊት አንድ ዓይነት ነበር። ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አጠለቁ።

«ይሠራል?» አልኳቸው።

«አላውቅም» አሉ። «ቀለሙ ይሠራል።»

አምስት ሰዓት ላይ የኮሚቴው ሰዎች መጡ፤ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሽበታም ሴት። ሴትዮዋ የሁሉ የበላይ መሆኗን ያወቅነው ወንዶቹ በር ላይ ስላስቀደሟት ነው። ዝናቡ አቁሟል፣ ደመናው እዚህም እዚያም ተቀዷል። ዶክተሩ የብርጭቆ ዕቃውን መስኮቱ ደፍ ላይ አኖሩት፤ ውስጡ ውኃና ትንሽ ኮስቲክ ሶዳ አለ፤ አዲሱ ቁራጭ በአንድ በኩል፣ ቀጭን ሽቦ በሌላ በኩል ተነክሯል። አንዲት የእጅ ባትሪ ድንጋይም አስረውበታል፤ ዝገት ብቻውን ጉልበት ስለሚያንሰው ከኋላ ትንሽ መገፋት አለበት ብለው አልደበቁም።

ፀሐይዋ ብቅ አለች። አሥር ዓይኖች ብርጭቆው ላይ ተተከሉ፤ የአባቴ ሁለቱ ብቻ መስኮቱን ያያሉ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ሽቦው ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል አረፋ ታየች፣ ተነሳች፣ ሌላ ተከተላት። ወዲያው በሰልፍ መውጣት ጀመሩ።  እኔ እንባዬ መጣና ወለሉ ላይ ያለ ቆሻሻ የማነሳ መስዬ ጎንበስ አልኩ።

ቀና ስል አረፋው ቆሟል።

«ቆመ» አለች ሴትዮዋ፣ ወረቀቷ ላይ የሆነ ነገር እየጻፈች። ከወንዶቹ አንዱ ሰዓቱን አየ። የዶክተሩ ፊት ወረቀት መሰለ።

«ምን አለች?» አለኝ አባቴ።

«ቆመ አለች።»

«ፀሐይዋ ደመና ገብታ እንዴት አይቆም? ትቆይ በያት። ፀሐይ ስትመለስ ይመለሳል።»

ማንም ሳይጠይቀኝ ቃል በቃል ተረጎምኩት። የጽዳት ሠራተኛ ልብስ ለብሼ ነበር። ሴትዮዋ እኔን አየችኝ፣ አባቴን አየችው፣ ብዕሯን አኖረች። ቆየች። እንዴት ያለ ረጅም ደመና ነበር! ሲያልፍ ብርሃኑ መስኮቱ ደፍ ላይ መጣ፣ አረፋውም መጣ። ሴትዮዋ የያዘችውን አቃፊ ብርጭቆው ፊት ጋረደችው፤ ቆመ። አነሳችው፤ መጣ። አራት ጊዜ እንዲህ አደረገች። ለአራተኛው ጊዜ ለራሷ ደስታ ይመስለኛል።

«ይህን ቁራጭ ያዘጋጀው ማን ነው?» አለች።

እኔ በዶክተሩ ቦታ ብሆን እውነቱን አልናገርም ነበር። ዶክተሩ ግን በጣታቸው ወደ አባቴ አመለከቱ። «እሳቸው» አሉ።

«የት ነው የተማሩት?»

ተረጎምኩለት።  «በአባቴ ቤት» አለ።

እሷም ጻፈችው።

አንድ ዓመት ጨመሩላቸው። ከዚያ በኋላ ምን ሆነ ብላችሁ የምትጠብቁ ከሆነ ብዙ አትጠብቁ፤ ከዚያ ብርጭቆ የወጣው ጋዝ አንድ ስኒ ሻይ አያፈላም። ዓመቱ ሲያልቅ ክፍሉ ተዘጋ፤ ዶክተር ሴምዮን ግን ወደ መጥረጊያ አልተመለሱም፤ ትምህርት ቤት ገብተው ፊዚክስ አስተማሩ። እኔም በዚያ ዓመት ባልዲውን አስቀምጬ ረዳታቸው ሆንኩ፣ ማታ ማታ ተማርኩና የላቦራቶሪ ሠራተኛ ሆኜ ጡረታ ልወጣ ትንሽ ቀርቶኛል። አሁንም አንድ ነገር ከመፈተጌ በፊት ምንድን ነው ብዬ እጠይቃለሁ። አንባቢዎቼ፣ ከእኔ የምትወስዱት ምክር ካለ ይኸው ነው፤ ሰው ነጭ ጨርቅ ላይ ያስቀመጠውን ነገር ጠይቁ። እኔ የማፍርበትን ነገር በሙሉ ኃይሌ ስፈትግ ነው የኖርኩት፤ ብረት ላይ ብቻ አልነበረም። ያ እሑድ ባይመጣ ኖሮ አባቴን ገበሬ እያልኩ እቀብረው ነበር፣ ያንን ሳስብ አሁንም ይቆጨኛል።

የዚያን እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ስንመለስ ዶክተሩ ደብተራቸው ላይ የጻፉትን ገጽ በማሽን አባዝተው ለአባቴ ሰጥተውት ነበር። ማንበብ አይችልም፤ ደረጃውን ሲወጣ ወረቀቱን ኮቱ ውስጥ እንቁላል የያዘ ይመስል ደግፎት ነበር። እናቴ በር ላይ ጠበቀችን። አባቴ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ወረቀቱን ሰጠኝ።

«አንብቢልኝ።»

አነበብኩለት። «ቁራጭ ቁጥር አርባ አንድ። የሠራው፣ ይስማው፣ ብረት ቀጥቃጭ።» ከሥሩ ዲግሪውና ሰከንዱ ተጽፏል።

«መስኮቱን ክፈቺው» አለኝ።

«ክረምት ነው፣ አባዬ።»

«ክፈቺው። አሁን ጮክ ብለሽ አንብቢው።»

እናቴን አየኋት። አልከለከለችኝም። መስኮቱን ከፈትኩና አነበብኩ፣ የመጨረሻውን ቃል ከሁሉ ጮክ አድርጌ።  ከዚያ ከታች ያለው መስኮት ሲከፈት ሰማን፤ የአያ ታከለ ድምፅ መጣ።

«ይስማው።»

«አቤት» አለ አባቴ፣ ተነስቶ ወደ መስኮቱ እየሄደ።

«ወናፍህ ቆዳው የበግ ነበር ወይስ የፍየል?»

አባቴ በሁለት እጁ የመስኮቱን ደፍ ያዘ።

«የፍየል» አለ።

«የእኔም» አለ አያ ታከለ።

ሁለቱ እስኪመሽ በመስኮት ሲያወሩ ዋሉ፤ እኔና እናቴ ብርድ ልብስ ለብሰን ተቀመጥን።